የትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት አራት ወቅቶች

ለሁሉም ክፍት የሆነው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በአንዲት ትንሽ ከተማ ጉባኤ በተሰጠ ውሳኔ ከተጀመረ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ተጠግቷል። ዛሬም በብዙ ትናንሽ ከተሞች ይህ ተቋም የሚቆመውም የሚወድቀውም ነዋሪዎች በየዓመቱ በሚሰጡት ውሳኔ ነው።

በፈረንጆቹ ኤፕሪል 9 ቀን 1833 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት የምትገኘው የፒተርቦሮ ከተማ ነዋሪዎች የከተማ ጉባኤያቸውን አካሄዱ። ከቀረቡላቸው ጉዳዮች አንዱ ከግዛቱ መንግሥት ለከተማዋ የደረሰው ገንዘብ ምን ላይ ይዋል የሚል ነበር። ገንዘቡ በባንኮች ካፒታል ላይ ከተጣለ ግብር የተሰበሰበ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የታሰበው ለአንድ የግዛት ኮሌጅ ማቋቋሚያ ነበር። የኮሌጁ ዕቅድ ሳይሳካ በመቅረቱ ግን ለትምህርት ጉዳይ እንዲውል ለየከተሞቹ ተከፋፈለ።

ሌሎች ከተሞች የደረሳቸውን ገንዘብ ለትምህርት ቤቶቻቸው ሲያውሉት፣ ፒተርቦሮ ከድርሻዋ ከፊሉ መጻሕፍት እንዲገዛበት፣ መጻሕፍቱም ለከተማው ሰው ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲያገለግሉ ወሰነች። በዚህ ሐሳብ አመንጪነት ስማቸው የሚነሳው በከተማዋ ያገለግሉ የነበሩት ቄስ አቢኤል አቦት ናቸው። ከዚያ ከአምስት ዓመት በፊት በ1828 በዚያችው ከተማ ለልጆች የሚሆን ቤተ መጻሕፍት ያቋቋሙትም እርሳቸው ነበሩ።

የመጻሕፍቱ የመጀመሪያ ማደሪያ የራሱ ሕንጻ አልነበረውም። የተቀመጡት የከተማዋ ፖስታ ቤትም በነበረ አንድ ሱቅ ውስጥ ነው። ደብዳቤውን ሊቀበል ወይም ለቤቱ የሚያስፈልገውን ሊገዛ የመጣ ሰው በዚያው መጽሐፍ ተውሶ ይመለስ ነበር። የታሪክ ጸሐፍት ይህን በግብር ገንዘብ የሚተዳደር፣ ለሁሉም ነጻ የሆነ በዓለም የመጀመሪያው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አድርገው ይጠቅሱታል።

የውሳኔውን ክብደት ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማስታወስ ይጠቅማል። ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ጓደኞቹ በ1731 በፊላደልፊያ ያቋቋሙት ዝነኛ ቤተ መጻሕፍት በአባላት መዋጮ የሚተዳደር ነበር። ድርሻ የከፈለ ሰው አባል ይሆናል፣ መጽሐፍ ይዋሳል። ያልከፈለ ግን መብት የለውም። በፒተርቦሮ የተለወጠው ይህ ነው። መጽሐፍ የመዋስ መብት ከከፋዩ ሰው ወደ ከተማው ነዋሪ ሁሉ ተሸጋገረ። ወጪውን የሚሸፍነውም የጋራ ገንዘብ ሆነ። በ1849 የኒው ሃምፕሻየር ግዛት ከተሞች ለቤተ መጻሕፍት ግብር እንዲጥሉ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ታላቁ የቦስተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢዎች በሩን የከፈተው ደግሞ በ1854 ነው። ትንሿ ከተማ ትልቋን ከተማ በሃያ ዓመት ቀድማት ነበር ማለት ነው።

ፒተርቦሮ ዛሬም ትንሽ ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ ስድስት ሺህ አምስት መቶ እንኳ አይሞሉም። ቤተ መጻሕፍቷ በ1893 የራሱ የጡብ ሕንጻ ተሠርቶለታል። ሕንጻው በቅርብ ዓመታትም ታድሶና ሰፍቶ አገልግሎቱን ቀጥሏል። በአሜሪካ ካሉት ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚጠጉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አስተዳደሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚያገለግሉት እንዲህ ያሉ፣ ነዋሪያቸው ከአሥር ሺህ የማይበልጥ ከተሞችን ነው። በእነዚህ ከተሞች ቤተ መጻሕፍት ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የመደርደሪያውን ርዝመት መለካት ብዙም አይረዳም። ዓመቱን ሙሉ በበሩ የሚገባውን ሰው መመልከት ይሻላል።

ፀደይ፦ ጉባኤና ዘር

በኒው ኢንግላንድ አካባቢ ባሉ ትናንሽ ከተሞች በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የከተማ ጉባኤ ወቅት ይደርሳል። ነዋሪዎች ተሰብስበው የዓመቱን በጀት በየአንቀጹ ይመለከታሉ። የመንገድ ጥገና፣ የእሳት አደጋ መኪና፣ የበረዶ መጥረጊያ እንዲሁም ቤተ መጻሕፍት በአንድ ሰነድ ውስጥ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። በኒው ሃምፕሻየር የቤተ መጻሕፍቱ ባለአደራዎች የሚመረጡት በነዋሪው ድምፅ ነው። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍት ሥራ አስኪያጅ በፀደይ የመጀመሪያ ሥራዋ ጎረቤቶቿ ፊት ቆማ ባለፈው ዓመት የተሰጣት ገንዘብ ምን እንደሠራ ማስረዳት ነው። ጥያቄ የሚያነሳው ሰው ምናልባት ትናንት መጽሐፍ የተዋሳት፣ ወይም በቤተ መጻሕፍቱ ደጅ አልፎ የማያውቅ ይሆናል። ሁለቱም እኩል ድምፅ አላቸው።

በዚሁ ወቅት በብዙ ቤተ መጻሕፍት ሌላ ሥራ ይጀመራል። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት የመጻሕፍት ዝርዝር ካርድ ይቀመጥባቸው የነበሩት ትናንሽ የእንጨት መሳቢያዎች ዛሬ በአንዳንድ ቦታ የአትክልት ዘር ማስቀመጫ ሆነዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ነዋሪው በፀደይ ጥቂት ፍሬ ዘር ይወስዳል፤ በጓሮው ይዘራል፤ ከሰብሉም ጥቂቱን ሳይለቅም ለዘር ይተዋል፤ በመከር ጊዜ አድርቆ ለቤተ መጻሕፍቱ ይመልሳል። በካሊፎርኒያ የሪችመንድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በ2010 የጀመረው ተመሳሳይ ሥራ ለብዙ ሌሎች አርአያ ሆኗል።

ለጀማሪዎች የሚመከሩት ባቄላ፣ ሰላጣና ቲማቲም ናቸው። አበባቸው በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ዘራቸው ዝርያውን ጠብቆ ይቆያል። ዱባ ግን በነፍሳት አማካኝነት ከጎረቤት ዱባ ጋር ስለሚዳቀል በሚቀጥለው ዓመት የሚበቅለው ምን እንደሚመስል ማወቅ ያዳግታል። እንዲህ ያለው ትምህርት በአንድ ምሽት ስብሰባ ይሰጣል። ብዙ ጊዜም የሚያስተምሩት የዕድሜ ባለጸጋ አትክልተኞች፣ የሚማሩት ደግሞ አዲስ ወደ ከተማዋ የገቡ ወጣት ቤተሰቦች ናቸው። ከጎረቤት ዘር ተበድሮ ከምርቱ መመለስ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ይህ የቆየ ልማድ የላላበት ከተማ መልሶ የሚማርበት ቦታ ማግኘቱ ነው።

በጋ፦ ትምህርት ቤት ሲዘጋ

በሰሜን አሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በበጋቸው፣ ማለትም እኛ ክረምት በምንላቸው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወራት ነው። ለትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ከዚህ የሚበልጥ የሥራ ወቅት የለም። የበጋ ንባብ መርሐ ግብር ታሪኩ ከመቶ ዓመት ይበልጣል። የክሊቭላንድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በ1897 ልጆችን በማኅበር አደራጅቶ መጻሕፍትን እንዲያነቡና በንጽሕና እንዲይዙ ማበረታታት ጀምሮ ነበር። በ1987 ደግሞ በሚኔሶታ ግዛት ያሉ የቤተ መጻሕፍት አስተዳደሮች የበጋ መርሐ ግብራቸውን በጋራ ማዘጋጀት ጀመሩ። ይህ ትብብር እየሰፋ ሄዶ ዛሬ በመላው አገሪቱ የሚገኙ ቤተ መጻሕፍትን ያገለግላል። አንድ ሠራተኛ ብቻ ያላት የገጠር ቤተ መጻሕፍት እንደ ትልልቆቹ የተዘጋጀ የዓመቱ መሪ ሐሳብ፣ ሥዕልና የሥራ መመሪያ የምታገኘው በዚህ መንገድ ነው።

መርሐ ግብሩ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሲታይ እንዲህ ይመስላል። ልጁ በበጋው መጀመሪያ ይመዘገባል። ያነበባቸውን መጻሕፍት ወይም ያነበበባቸውን ደቂቃዎች በወረቀት ይመዘግባል። በየሳምንቱ ተረት የሚነገርበት፣ ሙከራ የሚሠራበት ወይም እንግዳ የሚመጣበት ሰዓት አለ። ማንበብ ያልጀመሩ ሕፃናት በወላጆቻቸው ጭን ላይ ሆነው መዝሙርና ሥዕል ይለማመዳሉ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉት ደግሞ ታናናሾቻቸውን በማስነበብ የበጎ ፈቃድ ሥራ ይሠራሉ። ለብዙዎቹ ከቤት ውጪ የመጀመሪያው ኃላፊነት ይህ ነው። በአንዳንድ ቤተ መጻሕፍትም መንግሥት በበጋ ለልጆች የሚያቀርበው ነጻ ምሳ ይታደላል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምሳ ማዕዱም አብሮ ስለሚዘጋ፣ ርቦት የመጣ ልጅ ምግቡንም መጽሐፉንም ከአንድ ጣሪያ ሥር ያገኛል።

ይህ ሁሉ ውጤት አለው ወይ የሚለውን ጥያቄ ተመራማሪዎች በቁም ነገር መርምረውታል። የሶሲዮሎጂ ባለሙያዋ ባርባራ ሄይንስ በ1978 ያሳተመችው ጥናት በአትላንታ ከተማ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን ተከታትሏል። በትምህርት ወራት የድሃውና የሀብታሙ ልጅ ዕድገት እምብዛም አይራራቅም። ልዩነቱ በይበልጥ የሚሰፋው ትምህርት ቤት በተዘጋበት በጋ ሆኖ ተገኘ። በእረፍት ወራት የልጆችን ዕውቀት በማሳደግ ረገድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን የሚያህል ሌላ ሕዝባዊ ተቋም እንዳላገኘችም ጽፋለች። ቤተ መጻሕፍቱ ለቤታቸው ቅርብ የሆነላቸው ልጆች ይበልጥ ይጠቀሙበት ነበር። የበጋው ክፍተት ምን ያህል ሰፊ ነው በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። በእረፍት ወራት መጽሐፍ በእጁ የሚገባ ልጅ መጽሐፍ ከማያገኘው እንደሚሻል ግን የሚጠራጠር የለም።

በዚህ ረገድ ቤተ መጻሕፍት ራሳቸውን የፈተሹበት ጉዳይም አለ። መጽሐፍ ዘግይቶ በመመለስ የሚከፈለው ቅጣት ለብዙ ዘመን የተለመደ ነበር። ቅጣቱ ከተከማቸ ግን የመዋሻ ካርዱ ይታገዳል። እናቱ መክፈል የማትችል ልጅ ከዚያ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በር አያልፍም። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ2019 የገንዘብ ቅጣት የማኅበራዊ ኢፍትሐዊነት ዓይነት ነው ሲል አቋሙን አሳወቀ። በዚያው ዓመት ቺካጎ ቅጣቱን ስታነሳ ለረጅም ጊዜ በየቤቱ የቀሩ መጻሕፍት በብዛት መመለስ ጀመሩ። ከመጻሕፍቱም ጋር ተዋሾቹ ተመለሱ።

መፀው፦ ከሩቅ የሚመጣ መጽሐፍ

ቅጠሉ ሲረግፍና ትምህርት ቤት ሲከፈት የቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት ይለወጣል። ከቀትር በኋላ የቤት ሥራ የያዙ ተማሪዎች ጠረጴዛውን ይሞላሉ። ጠዋት ላይ ሥራ ፈላጊዎች፣ የመንግሥት ቅጽ በኢንተርኔት እንዲሞሉ የተነገራቸው አረጋውያን፣ ቤታቸው መስመር ያልገባላቸው የገጠር ነዋሪዎች ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣሉ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ በሙያዋ የሰለጠነችው መጽሐፍ ለመመደብ ቢሆንም፣ የቀኗ ሰፊ ክፍል የሚያልፈው ሰነድ እንዴት እንደሚላክ፣ የይለፍ ቃል እንዴት እንደሚመለስ፣ አታላይ መልእክት እንዴት እንደሚታወቅ በማሳየት ነው።

አሥር ሺህ መጻሕፍት ብቻ ያሉት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ለአንድ ጠያቂ አንባቢ ሊያንስ ይችላል። ይህን ድካም የሚያካክሰው በቤተ መጻሕፍት መካከል የሚደረገው መዋዋስ ነው። አንባቢው የሚፈልገው መጽሐፍ በከተማው ከሌለ ሠራተኛዋ በግዛቱ የጋራ መዝገብ ፈልጋ ትጠይቃለች። መጽሐፉ በመኪና ወይም በፖስታ ይመጣል። አንባቢው በራሱ ሰፈር ተቀብሎ በራሱ ሰፈር ይመልሳል። በዚህ ዘዴ የአንዲት መንደር ነዋሪ የዩኒቨርሲቲ መጻሕፍትን ሳይቀር ያነባል።

ቤተ መጻሕፍቱ ለስደተኛም በር ነው። የቋንቋ ትምህርት፣ የዜግነት ፈተና ዝግጅት፣ በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ የሚያገኝበት ሌላ ነጻ ቦታ ጥቂት ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የሲያትል ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የአማርኛ መጻሕፍትን ያውሳል። ልጁ በእንግሊዝኛ ሲያነብ አያቱ በአማርኛ የምታነብበት ጠረጴዛ ትልቅ ነገር ነው።

ብርዳማው ወራት፦ ሙቀትና ሰው

ቀኑ ሲያጥርና ቅዝቃዜው ሲጠነክር ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ለማይፈልገውም ሰው ያስፈልጋል። በብሪታኒያ የኃይል ዋጋ ባሻቀበበት በ2022 ክረምት ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቤታቸውን ማሞቅ ለከበዳቸው ሰዎች ሞቃት ማረፊያ መሆናቸውን አስታወቁ። ሻይ የሚቀርብበት፣ የሹራብ ሥራ ቡድን የሚሰበሰብበት፣ ብቻውን የሚኖር አዛውንት ጋዜጣ የሚያነብበት ክፍል ሆኑ። በዚያ የሚቀመጥ ሰው ለምን መጣህ፣ ምን ትገዛለህ ተብሎ አይጠየቅም። ተቸግሮ መምጣቱንም ማንም አያውቅበትም። ለብዙ ሰው ከሙቀቱ እኩል የሚያስፈልገው ይህ ክብር ነው።

የዚህ ዓይነቱ ቦታ ጥቅም የሕይወት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል የሶሲዮሎጂ ባለሙያው ኤሪክ ክላይነንበርግ አሳይቷል። በሐምሌ 1995 በቺካጎ በደረሰው የሙቀት ማዕበል ከ700 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ክላይነንበርግ የሞቱበትን ሰፈሮች ሲያጠና በድህነት ተመሳሳይ የሆኑ ጎረቤት ሰፈሮች የሞት መጠናቸው እጅግ የተራራቀ ሆኖ አገኘው። ልዩነቱ ሰዎች ከቤት ወጥተው የሚገናኙበት ቦታ በመኖሩና ባለመኖሩ ላይ ነበር። ጎረቤት የሚተዋወቅበት ሰፈር የጠፋውን ሰው ይፈልጋል፤ በሩን ያንኳኳል። ተመራማሪው በ2018 ባሳተመው መጽሐፉ ቤተ መጻሕፍትን ከእንዲህ ዓይነት የመገናኛ ቦታዎች በግንባር ቀደምትነት አስቀምጧቸዋል።

በትንሽ ከተማ ይህ በቀላሉ የሚታይ ነው። ዘወትር ማክሰኞ የሚመጣ አዛውንት ሁለት ማክሰኞ ከቀረ ሠራተኛዋ ታስተውላለች። ስልክ መደወል በሥራ መዘርዝሯ ላይ አልተጻፈም። ብዙዎቹ ግን ይደውላሉ።

ሕንጻው የማን ነው? ወጪውስ?

የትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሲነሳ የአንድሩ ካርኔጊ ስም አብሮ ይነሳል። በስኮትላንድ ከድሃ ሸማኔ ቤት ተወልዶ በአሜሪካ በብረት ኢንዱስትሪ የበለጸገው ካርኔጊ በዓለም ዙሪያ ከ2,500 በላይ የቤተ መጻሕፍት ሕንጻዎችን ወጪ ሸፍኗል። ከእነዚህ ከ1,600 በላይ የሚሆኑት በአሜሪካ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ከስጦታው ጋር ያስቀመጠው ግዴታ ነው። ከተማው ቦታውን ያቀርባል፣ ከሕንጻው ወጪ አንድ አሥረኛውን ያህል ገንዘብም በየዓመቱ ከግብሩ ለማስተዳደሪያ ይመድባል። አሥር ሺህ ዶላር የወሰደ ከተማ በየዓመቱ አንድ ሺህ ዶላር ለመጻሕፍት፣ ለመብራትና ለደመወዝ ለማውጣት ይፈርማል። ይህን መሸከም አንችልም ብለው ስጦታውን የተዉ ከተሞች ነበሩ። ካርኔጊ የተረዳው ሕንጻ መሥራት ቀላል፣ በየዓመቱ በሩን መክፈት ከባድ መሆኑን ነው።

የእርሱ ሥጋት ዛሬም እውነት ነው። በብሪታኒያ ከ2010 በኋላ ባሉት አሥር የቁጠባ ዓመታት ወደ 800 የሚጠጉ ቤተ መጻሕፍት ተዘግተዋል። ብዙዎቹም አውቶቡስ በማይበዛባቸው ትናንሽ ከተሞችና የከተማ ዳርቻዎች የነበሩ ናቸው። ሌሎቹ በበጎ ፈቃደኞች እጅ ተላልፈዋል። በአሜሪካም ቤተ መጻሕፍትንና ሙዚየሞችን የሚደግፈውን የፌዴራል ተቋም ወደ ዝቅተኛ ደረጃ የሚያወርድ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በማርች 2025 ከወጣ በኋላ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት አምርቷል። በዚያው ሰሞን አንዳንድ የግዛት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞቻቸውን ለማሰናበት ወይም የመጻሕፍት መዋዋስ አገልግሎታቸውን ለማቋረጥ ተገድደዋል። ገንዘቡ ሲቀንስ ትልቅ ከተማ አገልግሎቱን ይቀንሳል። ትንሽ ከተማ ግን ሁለተኛ ሠራተኛ ስለሌላት የምትቀንሰው የመክፈቻ ሰዓቷን ነው። ቅዳሜ የተዘጋ ቤተ መጻሕፍት ሳምንቱን ሙሉ ለሚሠራ ወላጅ ከነጭራሹ እንደተዘጋ ይቆጠራል።

መዝጋት ይቻላል የሚሉ ወገኖች የሚያነሱት ክርክር አለ። ሁሉም ነገር በስልክ ይገኛል፣ የመጽሐፍ ዋጋም እንደ ድሮው አይደለም ይላሉ። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። መረጃ ብቻ ለሚፈልግና መክፈል ለሚችል ሰው ቤተ መጻሕፍቱ አማራጭ ነው። ነገር ግን ከላይ ከተዘረዘሩት አገልግሎቶች ስንቱን ስልክ ይተካል? ስልክ ምሳ አያቀርብም፤ የቀረውን አዛውንት አያስተውልም፤ ዓይናፋሩን ልጅ ከሌላ ልጅ ጋር አያስተዋውቅም። የኢንተርኔት አገልግሎቱንም ቢሆን ብዙ ሰው የሚያገኘው ከዚያው ከቤተ መጻሕፍቱ ነው።

ከባሕረ ሰላጤው እስከ ሐዋሳ

ሐሳቡ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የሻርጃ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መነሻው በ1925 ሼኽ ሱልጣን ቢን ሰቅር አል ቃሲሚ ያቋቋሙት የቃሲሚያ ቤተ መጻሕፍት ሲሆን፣ መቶኛ ዓመቱ በ2025 ተከብሯል። ዛሬ ቅርንጫፎቹ ከዋናዋ ከተማ አልፈው እንደ ከልባ፣ ኾር ፈካን፣ ዲባ አል ሒስንና አል ዘይድ ባሉ አነስተኛ ከተሞች፣ በተራራማው ዋዲ አል ሒሎም ይገኛሉ። አገሪቱ በ2016 የንባብ ሕግ አውጥታ የማርች ወርን የንባብ ወር አድርጋዋለች። በባሕረ ሰላጤው ወቅቱ ራሱ የተለየ ነው። በሰሜን አሜሪካ ብርዱ ሰውን ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲያስገባ፣ እዚህ ልጆች ውጪ መጫወት የማይችሉበት የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት ያስገባል። ጥላና ቀዝቃዛ አየር ያለው፣ መግቢያ የማይከፈልበት ክፍል በእነዚህ ወራት ዋጋው ከፍ ይላል።

በኢትዮጵያ ደግሞ ስለ ቤተ መጻሕፍት ሲወራ ቀድመው የሚጠቀሱት ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርና በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሖት ናቸው። ሁለቱም የዋና ከተማ ተቋማት ናቸው። ለትንሽ ከተማ ልጅ የሚቀርበውን መንገድ ያሳዩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ናቸው። በነገሌ ቦረና የተወለዱት ዮሐንስ ከመማሪያ መጻሕፍት ውጪ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነበር። በስደት አሜሪካ ገብተው የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተምረው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ሲሠሩ፣ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ፈልገው ማግኘት አልቻሉም። ስለዚህ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሕፃናት ተረት አሳተሙ። በ1998 የመጻሕፍት ድርጅት አቋቋሙ። በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ በመኖሪያ ቤታቸው ምድር ቤት ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በ2005 ደግሞ በሐዋሳ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍትን ወደ ልጆች መውሰድ ጀመሩ።

ጋሪው ለውጭ ጋዜጠኞች የሚያምር ፎቶ ሆኗል። ለሐዋሳ ልጆች ግን ትርጉሙ የፒተርቦሮ ሱቅ ከነበረው ትርጉም የተለየ አልነበረም። ቤተ መጻሕፍት ለመጀመር ትልቅ ሕንጻ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። መጽሐፍ፣ ቦታ፣ ሰዓቱን አክብሮ በሩን የሚከፍት ሰው ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚከብደው ማስቀጠሉ ነው።

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሰኔ ላይ ተዘግተው እስከ መስከረም ይቆያሉ። ዝናቡ ልጆችን ቤት ያስቀምጣል። ቤቱ መጽሐፍ ከሌለው ሁለት ወር ከግማሽ ያህል ፊደል ሳይነካ ያልፋል። በየወረዳው ያሉ የወጣት ማዕከላትና የትምህርት ቤት መጻሕፍት ክፍሎች ብዙዎቹ በእነዚህ ወራት ቁልፋቸው ከመምህሩ ጋር ለዕረፍት ይሄዳል። ከሌሎች አገሮች ልምድ የሚወሰድ አንድ ነገር ካለ ይህ ነው። የልጆች ቤተ መጻሕፍት ዋና የሥራ ወቅት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወቅት ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው ለአንድ ሠራተኛ የሁለት ወር ደመወዝ፣ የማያፈስ ጣሪያና በወረዳው በጀት ላይ በየዓመቱ ሳይሰረዝ የሚያልፍ አንድ መስመር ነው።

የፒተርቦሮ ነዋሪዎች በ1833 ለታላቅ ነገር ድምፅ እየሰጡ መሆናቸውን ያወቁ አይመስልም። በእጃቸው ላለው ጥቂት ገንዘብ ጥቂት መጻሕፍት ገዙ፣ ለሁሉም ይሁን አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እንደገና ተሰብስበው መቀጠል ነበረባቸው። ቀጠሉም።